ትምህርት አሥራ ስምንት፦ የተነሣን እጅ መግታት

በዚህ ትምህርት ውስጥ በመጀመሪያ አንድ ሳይንሳዊ ምንባብ ታነባላችሁ። ቀጥሎም «ሊያደርግ ሲል ተወ» የሚለውንና ይህን የመሰሉትን አገባቦች እናጠናለን። ከዚያም በዓይን ያልታየ ነገር በጽሑፍ ሲገለጽ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው ተመልክተን አንድ ድርሰት እንጽፋለን። ምንባቡን አንድ ጊዜ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡት። ሁለተኛ ስታነቡት ግን እርሳስ ይዛችሁ «ገታ»፣ «ቆመ»ና «ተወ» ከሚሉት ግሦች የወጡትን ቃላት ሁሉ አስምሩባቸው።

ሀ. ምንባብ

የገና ጨዋታ ተጫውታችሁ ወይም ዳር ቆማችሁ አይታችሁ ይሆናል። ከተጫዋቾቹ አንዱ ቆልማማ ዱላውን አንሥቶ ጥንጓን ሊመታ ሲል የጓደኛው ቅልጥም ድንገት በመካከል ይገባል። መቺው ዱላውን በአየር ላይ ከገታው ጨዋታው ይቀጥላል፤ ያልገታው እንደሆነ ግን ጨዋታው ቀርቶ ልጁን ደግፎ ወደ ቤቱ ማድረስ ይመጣል። ሁለቱን የሚለያያቸው ጊዜ ከአንድ የዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። መቺው በኋላ ሲጠየቅ፣ «እግሩንስ አይቼው ነበር፤ እጄ ግን አልቆም አለኝ» ቢል ሰበብ የሚፈልግ ይመስለን ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ልጅ እውነቱን እየተናገረ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም የእጁን አልቆም ማለት በቁጥር ለክቶ ማሳየት እንደሚቻል ተመራማሪዎች ከደረሱበት አርባ ዓመት አልፏል።

ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ አንድ እንቅፋት ነበረባቸው። የሚንቀሳቀስ እጅ ይታያል፤ ፍጥነቱም ይለካል። የተገታ እጅ ግን ምን ምልክት ይተዋል? ሰውየው እጁን በሚገባ ከገታ የሚታይ ነገር አይኖርም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ መቼ ተጀምሮ መቼ እንዳለቀ በሰዓት ሊያዝ አይችልም። ይህን እንቅፋት የሚያሳልፈውን ስሌት እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረቡት ጎርደን ሎጋንና ዊልያም ካወን ናቸው።

ፈተናው ለልጅም የሚገባ ነው። ተፈታኙ ከአንድ የኮምፒዩተር መስኮት ፊት ይቀመጣል። ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት ሲያይ የግራውን ቁልፍ፣ ወደ ቀኝ የሚያመለክት ቀስት ሲያይ የቀኙን ቁልፍ በተቻለው ፍጥነት ይጫናል። ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ግን ቀስቱ ከታየ በኋላ ጥቂት ቆይቶ አንድ ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ሊጫን የተነሣውን ጣቱን መግታት አለበት። ድምፁ ቀስቱን ወዲያው ተከትሎ ከመጣ መግታት አያስቸግርም፤ እየዘገየ በሄደ መጠን ግን እየከበደ ይሄዳል። መሣሪያው ይህን እየተከታተለ፣ ተፈታኙ ጣቱን በገታ ቁጥር የሚቀጥለውን ድምፅ 50 ሚሊሴኮንድ ያዘገየዋል፤ መግታት ባቃተው ቁጥር ደግሞ 50 ሚሊሴኮንድ ያስቀድመዋል። (ሚሊሴኮንድ ማለት የሴኮንድ አንድ ሺኛ ነው።) በዚህ ዓይነት ሲኬድ ሲኬድ፣ ሰውየው ግማሹን ጊዜ የሚገታበት፣ ግማሹን ጊዜ ደግሞ እጁ የሚያመልጠው ልክ ይገኛል።

ሎጋንና ካወን ነገሩን በፈረስ እሽቅድምድም መሰሉት። አንደኛውን ፈረስ «ተጫን» እንበለው፤ ቀስቱ ሲታይ ይነሣል። ሁለተኛውን ፈረስ «ተው» እንበለው፤ ድምፁ ሲሰማ ይነሣል። የጣቱን ዕጣ የሚወስነው ቀድሞ የደረሰው ነው። አንዲት ተማሪ፣ ድምፅ በሌለበት ጊዜ፣ ቀስቱን አይታ ቁልፉን ለመጫን በአማካይ 450 ሚሊሴኮንድ ይፈጅባታል እንበል። ግማሹን ጊዜ ልትገታ የቻለችው ደግሞ ድምፁ ከቀስቱ 230 ሚሊሴኮንድ ዘግይቶ ሲሰማ ነው እንበል። በዚህ ልክ ላይ ሁለቱ ፈረሶች አንገት ላንገት ስለሚደርሱ፣ «ተው» የተባለው ፈረስ መንገዱን የጨረሰው 450 ሲቀነስ 230፣ ማለትም በ220 ሚሊሴኮንድ ነው። ያልታየው ነገር ተለካ ማለት ነው። በጤናማ ወጣቶች ላይ ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 250 ሚሊሴኮንድ ይሆናል፤ በሕፃናት ላይ ከዚህ ይረዝማል። አሁን ወደ ገና ተጫዋቹ እንመለስ። የጓደኛው እግር የገባው ዱላው ሊያርፍ 100 ሚሊሴኮንድ ሲቀረው ከሆነ፣ ዓይኑ ቢያይም «ተው» የሚለው ፈረስ አይደርስለትም።

ይህ ፈረስ በአንጎል ውስጥ ከየት ተነሥቶ በየት ያልፋል? ከብርቱዎቹ ጥቆማዎች አንዱ የመጣው ከሥዕል ሳይሆን ከቁስል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አዳም አሮንና የሥራ ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር፣ የአንጎላቸው የፊተኛው ክፍል የተጎዳባቸውን ሕሙማን በዚሁ ፈተና ፈተኗቸው። ከቀኝ ቅንድብ ጫፍ ወደ ኋላ ገባ ብሎ ከራስ ቅሉ ሥር በሚገኘው የአንጎል እጥፋት ላይ የደረሰው ጉዳት ሰፋ ባለ መጠን፣ የሕሙማኑ የመግታት ፍጥነት ያን ያህል የዘገየ ሆኖ ተገኘ። ይህን እጥፋት ከእንግዲህ «የቀኙ እጥፋት» እያልን እንጠራዋለን።

ይሁን እንጂ ቁስል የትኛው ቦታ እንደሚያስፈልግ ቢጠቁምም ቦታዎቹ እንዴት እንደሚገናኙ አያሳይም። በጤናማ ሰው ላይ ደግሞ አንጎልን ከፍቶ ማየት አይቻልም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ኤም.አር.አይ. በተባለው ታላቅ የማግኔት መሣሪያ ተጠቀሙ። ለዚህ ዓይነቱ ምርምር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የ3 ቴስላ ኃይል አላቸው፤ ይህም ከመሬት የማግኔት ኃይል ወደ 60,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ተፈታኙ በመሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ በጀርባው ይተኛል፤ ጆሮውን ከመሣሪያው ኃይለኛ ድምፅ ይከልላል፤ ራሱን ጨርሶ እንዳያነቃንቅ ይነገረዋል። እንቅስቃሴን ለማጥናት የገባው ሰው ከጣቶቹ በቀር ምንም እንዳያንቀሳቅስ መከልከሉ ፈገግ ያሰኛል፤ ራሱን ጥቂት እንኳ ቢያዞር ግን ሥዕሉ ይበላሻል።

መሣሪያው የሚያየው አሳብን አይደለም፤ ደምን ነው። በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን በተሸከመ ጊዜና ኦክስጅኑን ባራገፈ ጊዜ በማግኔት ፊት አንድ ዓይነት ጠባይ እንደሌለው ላይነስ ፖውሊንግና ቻርልስ ኮርየል እ.ኤ.አ. በ1936 አሳይተው ነበር። ሴይጂ ኦጋዋ የተባሉ ጃፓናዊ ሳይንቲስትና ጓዶቻቸው ደግሞ በ1990 ይህ የጠባይ ልዩነት የአንጎልን ሥራ ለማንሣት እንደሚያገለግል በእንስሳት ላይ አሳዩ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም ዘዴው በሰው ላይ ሠራ። የነርቭ ሕዋሳት በርትተው ወደሚሠሩበት ቦታ ኦክስጅን የተሸከመ ደም በብዛት ይጎርፋል፤ መሣሪያው የሚመዘግበው ይህን ጉርፊያ ነው።

እዚህ ላይ አስተዋይ ተማሪ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል። የደሙ ጉርፊያ ከፍተኛው ደረጃ ላይ የሚደርሰው ሕዋሳቱ ከሠሩ ከ5 ወይም ከ6 ሴኮንድ በኋላ ነው። የመግታቱ ሥራ ግን ከሩብ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እንዲህ የዘገየ ዓይን እንዲህ የፈጠነን ነገር እንዴት ያያል? እንግዶቹ ቡና ጠጥተው ከሄዱ በኋላ የመጣ ሰው ከሲኒዎቹ ብዛት ስንት ሰው እንደነበረ ይገምታል፤ ማን ቀድሞ እንደጠጣ ግን ሊያውቅ አይችልም። የተመራማሪዎቹ ሁኔታ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ፈተናውን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግሙና፣ ጣት ከተገታባቸው ጊዜያት ሥዕል ላይ ቁልፍ ከተጫኑባቸው ጊዜያት ሥዕል ይቀንሳሉ። የቀረው ልዩነት የመግታት ሥራ አሻራ ነው ይባላል። ቦታውን ይነግራቸዋል፤ ቅደም ተከተሉን ግን ከሌላ ምንጭ መፈለግ አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በ2006 አሮንና ራስል ፖልድራክ በአሜሪካ አገር በዚህ ዘዴ ባደረጉት ጥናት ከታዩት ቦታዎች አንዱ ያው የቀኙ እጥፋት ነበር። ሌላዋ ግን በአንጎል ጥልቅ ውስጥ የተቀበረች፣ ሰብታላሚክ ኒውክለስ የምትባል እጅግ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ክምችት ናት። ዡል ሉዊስ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1865 ሲገልጧት ቅርጿ ከሁለት ወገን ያበጠ፣ እንደ ምስር ፍሬ ያለ ነበር፤ ርዝመቷ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አያልፍም። እኛም «ምስሯ» እንበላት። ከተፈታኞቹ መካከል ፈጥነው የሚገቱት በሁለቱም ቦታዎች ላይ የበረታ ምልክት አሳዩ። መሣሪያው የሚያነሣት አንዲት የሥዕል ነጥብ ግን ራሷ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስለምትሰፋ፣ ምስሯ በሥዕሉ ላይ ጥቂት ነጥቦች ብቻ ናት። ጎረቤቷን እርሷ ናት ብሎ መሳት ቀላል ስለሆነ ጠንቃቃ ተመራማሪዎች ይህን ሳይጠቅሱ አያልፉም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2007፣ እነዚሁ ሰዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በቦታዎቹ መካከል ያለውን መንገድ ፈለጉ። በሰንበሌጥ ነዶ ውስጥ የገባ ውኃ ዘንጎቹን ተከትሎ በርዝመቱ እንደሚሄድ፣ ተሻግሮ ግን እንደሚቸገር፣ በአንጎል ውስጥ ያለውም ውኃ በነርቭ ጭረቶች ርዝመት መጓዝ ይቀለዋል። ኤም.አር.አይ. የውኃውን አካሄድ እንዲከተል ሲደረግ የጭረቶቹ አቅጣጫ ይገመታል። በዚህ ዘዴ የቀኙ እጥፋት፣ ምስሯና ከአንጎል አናት መሐል አጠገብ ያለ እንቅስቃሴን የሚያዘጋጅ ሌላ ሦስተኛ ቦታ፣ በሦስት ማዕዘን እንደተገናኙ የሚያመለክት ማስረጃ ተገኘ።

መንገዱ ይህ ከሆነ ትእዛዙ ምን ያደርጋል? ብዙዎቻችን እጅ ራሱን ችሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ስንፈልግ እናንቀሳቅሰዋለን ብለን እናስባለን። የአንጎል አሠራር ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአንጎል ሥር የሚገኙ ልዩ ሕዋሳት እንቅስቃሴን ያለማቋረጥ ይይዛሉ፤ ልጓሙ ሁልጊዜ እንደተሳበ ነው። መንቀሳቀስ ማለት ልጓሙን ለአንዲት እንቅስቃሴ ብቻ ላላ ማድረግ ነው። የምስሯ ተግባር እነዚህን ያዥ ሕዋሳት ቀስቅሶ የላላውን ልጓም መልሶ ማጥበቅ ነው። ከአንጎል ቅርፊት ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ምስሯ የሚወርድ አቋራጭ መንገድ እንዳለ አጹሺ ናምቡና ጓዶቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 በጦጣዎች ላይ አሳይተዋል። «ተጫን» የሚለው ትእዛዝ ልጓሙን ለማላላት ሌላ፣ ረዘም ያለ መንገድ ይከተላል። ኋላ የተነሣው ፈረስ የቀደመውን ሊደርስበት የሚችለው በዚህ አቋራጭ ነው።

ሲኒዎቹ ሊናገሩ ያልቻሉትን ቅደም ተከተል የነገሩን ደግሞ አይጦች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የጆሹዋ በርክ የምርምር ቡድን ከአይጦች አንጎል የእያንዳንዱን ሕዋስ ምልክት እያዳመጠ ይህንኑ የመግታት ፈተና ሰጣቸው። «ተው» የሚለው ድምፅ ሲሰማ የምስሯ ሕዋሳት ሁልጊዜ ፈጥነው መለሱ፤ አይጡ ቢገታም ባይገታም መለሱ። ከእርሷ ቀጥለው ያሉት ያዥ ሕዋሳት ግን ትእዛዙን የተቀበሉት አይጡ በገታ ጊዜ ብቻ ነበር። ባልገታ ጊዜ «ሂድ» የሚለው መልእክት ቀድሟቸው ደርሶ ዝም አሰኝቷቸዋል። እንግዲህ ሎጋንና ካወን በወረቀት ላይ ያስሮጧቸው ፈረሶች በእውነተኛ ሕዋሳት መካከል ሲሽቀዳደሙ ተደመጡ። «አይቼው ነበር፤ እጄ ግን አልቆም አለኝ» ያለውን ልጅ አሁን አስታውሱት።

ይህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአንድ ወገን ያለችው ምስር፣ ለምሳሌ በአንጎል ደም መፍሰስ፣ የተጎዳችበት ሰው በተቃራኒው ወገን ያለው እጁና እግሩ ሳያዝዘው ይወራጫሉ፤ ድንጋይ እንደሚወረውር ሰው ክንዱ ይወነጨፋል። በፓርኪንሰን በሽታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ምስሯ ከልክ በላይ ስለምትሠራ ልጓሙ እጅግ ይጠብቃል፣ ሕመምተኛውም አንዲት እርምጃ መራመድ ይሳነዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ በጦጣዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ምስሯን መጉዳት የበሽታውን ምልክቶች እንዳቃለለ ታየ። በ1993 በፈረንሳይ አገር በግረኖብል ከተማ የነበሩ ሐኪሞች፣ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ እስከ ምስሯ አስገብተው ሥራዋን በማወክ በሽተኞችን መርዳት መጀመራቸውን አስታወቁ። ሕክምናው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሰጣል። ሆኖም ልጓሙን ማላላት ዋጋ ያስከፍላል፤ በ2007 በወጣ ጥናት፣ ኤሌክትሪኩ በተከፈተ ጊዜ ሕሙማኑ ከሁለት ተቀራራቢ ነገሮች አንዱን ሲመርጡ ቆም ብሎ ማመዛዘንን ትተው ይቸኩሉ እንደነበር ተገልጿል።

እነዚህ ሽቦዎች ለሥዕሉም ምስክር ሆኑ። በ2020 በታተመ ሥራ ተመራማሪዎች በምስሯ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያሳርፉ በአንጎል የፊተኛው ክፍል እጥፋት ላይ በጥቂት ሚሊሴኮንድ ውስጥ ምላሽ አገኙ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ የሚመጣው በቀጥተኛ መንገድ ብቻ ስለሆነ፣ በጦጣዎች ላይ የታየው አቋራጭ በሰውም ላይ እንዳለ ታመነ። ክርክሩ ግን አላለቀም። በ2010 የወጡ ጥናቶች፣ አንድ ያልተጠበቀ ምልክት በመስኮቱ ላይ ሲታይ፣ ሰውየው ምንም የሚገታው ነገር ባይኖርም እንኳ የቀኙ እጥፋት እንደሚሠራ አሳይተዋል። ታዲያ ይህ ቦታ ልጓሙን ይስባል ወይስ «አንድ ነገር መጣ» ብሎ የሚጮህ ዘበኛ ነው? የምንባቡ ጸሐፊ የሁለተኛው ወገን ክርክር ሊናቅ እንደማይገባው ያምናል፤ ነገር ግን የቁስሉንም ማስረጃ ለመተው አይደፍርም።

ለ. ስለ ቃላት

«ገታ» ተሻጋሪ ግሥ ነው፤ ተደራጊውን ይፈልጋል፦ «በቅሎዋን ገታት»፣ «ዱላውን ገታው»። «ቆመ» ግን አይሻገርም፤ ሲሻገር «አቆመ» ይሆናል። «ገታ» የሚለው ግሥ ወደፊት የሚስብ ኃይል መኖሩን ያስገምታል፤ የማይስበውን ነገር ማንም አይገታውም። «ድንጋዩን ገታሁት» ያለ ሰው ድንጋዩ እየተንከባለለ እንደነበር ሳይናገር ተናግሯል። ጸሐፊው «ልጓም» የሚለውን ቃል የመረጠው ከዚህ ግሥ ጋር ስለሚስማማ ነው። ከጣልያንኛ የመጣውን «ፍሬን» ቢመርጥ ኖሮም አያሳፍረውም ነበር፤ ግን ፈረሶቹን በፍሬን ማቆም ስለማይቻል ንጽጽሩ ይፈርስበት ነበር።

ሐ. ሰዋስው፦ ያልተደረገ ድርጊት አገላለጽ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ። በሁሉም ውስጥ ጥንጓ በመጨረሻ አትመታም፤ ነገር ግን አንዱ ስለ ሌላው ሊቆም አይችልም።

ልጁ ጥንጓን አልመታም።
ልጁ ጥንጓን ሳይመታ ቀረ።
ልጁ ጥንጓን ከመምታት ታቀበ።
ልጁ ጥንጓን ሊመታ ሲል ተወ።
ልጁ ጥንጓን መምታቱን አቆመ።

የመጀመሪያው ተራ አፍራሽ ነው። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ባያውቅም ዐረፍተ ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። «ሳይመታ ቀረ» ግን ይመታል ተብሎ ይጠበቅ እንደነበር ይናገራል። «ታቀበ» ፈቃድን ያመለክታል፤ ልጁ ቀድሞ ወስኖ እጁን አላነሣም። «መምታቱን አቆመ» ስንል ደጋግሞ ይመታ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ግን አልመታም ማለታችን ነው።

የትምህርታችን ዋና ጉዳይ አራተኛው ነው። «ሊመታ» ከ«ል»ና ከ«ይመታ» የተሠራ ሲሆን «ሲል» ደግሞ «አለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ቃል በቃል ከተመለከትነው ልጁ አንድ ነገር «ሲል» እናገኘዋለን፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረም። ቋንቋችን ሊሆን የተቃረበን ነገር በንግግር መልክ መግለጽ ይወዳል፤ ዝናብ እንኳ «ሊጥል ሲል» እንላለን። ሁለቱም ግሦች ባለቤታቸውን ተከትለው ይረባሉ፦ ልመታ ስል፣ ልትመታ ስትል፣ ልንመታ ስንል፣ ልትመቱ ስትሉ፣ ሊመቱ ሲሉ። «ሊመታ ስል» ብሎ የጻፈ ተማሪ የሁለት ሰዎችን ድርጊት ቀላቅሏል።

ተመራማሪዎቹም ይህን የመሰለ ልዩነት ያደርጋሉ። በአንድ ዓይነት ፈተና ምልክቱ ገና ሲታይ «አትንካ» ይላል፤ ተፈታኙ ከመንካት ይታቀባል። በምንባቡ በተገለጸው ፈተና ግን ተፈታኙ ሊነካ ሲል ይተዋል። ሁለቱን ፈተናዎች «አለመንካት» ብሎ በአንድ ስም የጠራ ጸሐፊ አንባቢውን ያሳስታል።

«እጄ አልቆም አለኝ» የሚለውንም ልብ በሉ። ባለቤቱ «እጄ» ሆኖ ሳለ «አልቆም» የረባው በአንደኛ መደብ ነው፤ እጁ ራሱ «አልቆም» ብሎ እንደተናገረ ይቆጠራል። «በሩ አልከፈት አለኝ»፣ «እንቅልፍ አልመጣ አለኝ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። በዚህ አገባብ ተናጋሪው ድርጊቱን ቢፈልግም ሌላ ኃይል እንደተቃወመው ይገልጻል።

መ. የድርሰት ትምህርት፦ የታየውንና የተገመተውን መለየት

አንድ ተማሪ ምንባቡን አንብቦ የሚከተለውን ጻፈ እንበል።

«ሳይንቲስቶች አንጎል ሲያስብ በማሽን አዩ። ሰውየው አልጫንም ብሎ ሲያስብ ቀይ ነጥብ በራ። ስለዚህ እጅን የሚያቆመው ቀዩ ነጥብ ነው።»

ጽሑፉ አጭርና ግልጽ ነው፤ የሰዋስው ስሕተትም የለበትም። ሆኖም እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከማስረጃው አልፎ ይሄዳል። ሲያስብ ታየ የተባለው አንጎል አልታየም፤ የታየው የደም ጉርፊያ ነው። በአንጎል ውስጥ የሚበራ ቀይ ነገር የለም፤ ቀለሙን የቀቡት ስሌቱን የሠሩት ሰዎች ናቸው። ሦስተኛው ስሕተት ከሁሉ ይከፋል፤ አብሮ የተገኘን ነገር ምክንያት አድርጎ ያቀርባል። ዘበኛው በጮኸ ቁጥር በሩ ቢዘጋ፣ በሩን የዘጋው ዘበኛው ነው ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። ተማሪው እንዲህ ቢጽፍ ኖሮ ይሻል ነበር፦

«ተፈታኞቹ ጣታቸውን በገቱ ጊዜ፣ ከተጫኑበት ጊዜ ይልቅ፣ ወደ ቀኙ እጥፋት የጎረፈው ደም በዝቶ ተመዘገበ። ይህ ቦታ የተጎዳባቸው ሰዎች ለመግታት ስለሚዘገዩ፣ ቦታው በመግታት ሥራ ውስጥ ድርሻ ያለው ይመስላል።»

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ተመዘገበ» የሚለው ግሥ የተገኘውን ይናገራል። በሁለተኛው «ይመስላል» የሚለው ግሥ ጸሐፊው ከተገኘው ተነሥቶ የደረሰበትን ግምት ይናገራል። «ታየ»፣ «ተለካ»፣ «ተቆጠረ» ከመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ «ያመለክታል»፣ «ይገመታል»፣ «ሳይሆን አይቀርም» ከሁለተኛው። የመጨረሻው ሁለት አፍራሾችን ደርቦ ጠንካራ ግምትን ስለሚገልጽ አለቦታው አይግባ። ደግሞም በየዐረፍተ ነገሩ «ይመስላል» ማለት ጥንቃቄ አይደለም፤ የተለካውን ነገር እንኳ የሚጠራጠር ጸሐፊን አንባቢ አያምነውም።

ሠ. መልመጃ

1. የመግታት ፍጥነት እንደ መጫን ፍጥነት በቀጥታ ሊለካ ያልቻለው ለምንድን ነው? ከሁለት ዐረፍተ ነገር በማይበልጥ መልሱ።

2. አንድ ተፈታኝ ቁልፍ ለመጫን በአማካይ 480 ሚሊሴኮንድ ይፈጅበታል። ግማሹን ጊዜ የሚገታው ድምፁ በ270 ሚሊሴኮንድ ሲዘገይ ከሆነ፣ «ተው» የሚለው ፈረስ መንገዱን በስንት ሚሊሴኮንድ ጨረሰ? ስሌታችሁን በቁጥር ብቻ ሳይሆን በተሟላ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።

3. የአይጦቹ ጥናት የሰጠው፣ የኤም.አር.አይ. ሥዕል ግን ሊሰጥ ያልቻለው ዕውቀት ምንድን ነው? ስለ ቡና ሲኒዎች የተነገረውን ምሳሌ በመጥቀስ አስረዱ።

4. «ደወል»፣ «ልትናገር»፣ «ሊሻገሩ»፣ «ደብዳቤ» የሚሉትን ቃላት በየተራ እያስገባችሁ «ሊ… ሲል ተወ» በሚለው አገባብ አራት ዐረፍተ ነገሮች ሥሩ። የባለቤቱ መደብ በእያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር የተለየ ይሁን።

5. ከምንባቡ ውስጥ የተገመተን ነገር እንደታየ አድርጎ የሚያቀርብ ዐረፍተ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈልጉ። ካገኛችሁ አርማችሁ ጻፉት፤ ለምን እንዳረማችሁትም ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ። ጸሐፊው ከስሕተት ነጻ ነው ብላችሁ አትነሡ።

6. ድርሰት። አንድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ የተዋችሁበትን፣ ወይም ልትተዉ ፈልጋችሁ እጃችሁ ወይም አንደበታችሁ አልቆም ያለበትን አንድ ጊዜ አስታውሱ። ነገሩን ከ25 እስከ 30 በሚደርሱ መስመሮች ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ ዳር ቆሞ የነበረ ሰው ሊያይ የሚችለውን ብቻ ግለጹ፤ «ፈራሁ»፣ «አሰብሁ»፣ «ተጸጸትሁ» የሚሉ ግሦች አይግቡበት። በሁለተኛው አንቀጽ እናንተ ብቻ የምታውቁትን ጻፉ። ከላይ ከተጠኑት አምስት አገባቦች ቢያንስ ሦስቱን ተጠቀሙ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደብተራችሁን ከአጠገባችሁ ካለው ተማሪ ጋር ተለዋወጡና፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ አንብቦ በሁለተኛው ምን እንደተጻፈ ይገምት።